የገጠር ውሃ ሂሳብ የፓምፑን ዋጋ አይጨምርም

ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ማጠራቀሚያው ኮረብታ ላይ ተሠርቶ የተመረቀ የገጠር የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ከምርቃቱ ማግስት ጀምሮ ነጋዴ ነው። ውሃ ይሸጣል፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ ነዳጅ ወይም መብራት ይገዛል። ከሌላው ነጋዴ የሚለየው ዋነኛ መሣሪያው ሲያረጅ የሚተካበትን ገንዘብ በሸቀጡ ዋጋ ውስጥ አለማስገባቱ ነው።

ነገሩ ከፖሊሲው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ታሪፍ ሙሉ ወጪን እንዲመልስ ሲያዝ፣ የገጠሩ ግን የሥራ ማስኬጃንና የጥገናን ወጪ ብቻ እንዲሸፍን ይላል። ዓላማው ድሃውን ገበሬ ከውድ ውሃ ለመጠበቅ ነበር። በእጅ ፓምፕ ለሚቀዳ ጉድጓድ ይህ ያስኬዳል። ዛሬ ግን በርካታ ቀበሌዎችን ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ የሚያጠጡ፣ በተጠቃሚዎች ቦርድና በቅጥር ሠራተኞች የሚመሩ ድርጅቶች አሉ። ደንበኛውም ቦኖ ላይ ጀሪካን ከመደርደር ይልቅ ቆጣሪ አስገብቶ በግቢው መቅዳት ይፈልጋል።

ሂሳቡን እንመልከት። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠሩ መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚህ ልክ 5 ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር ወደ 4 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 200 ጀሪካን ገደማ ይጠቀማል። አንድ ድርጅት 800 እንዲህ ያሉ ደንበኞች ቢኖሩት በ5 ዓመት 192,000 ሜትር ኩብ ይሸጣል። ጠላቂ ፓምፑን ከነመግጠሚያው ለመተካት፣ ለስሌት ያህል፣ 600,000 ብር ይፈጃል ብንል፣ ለአንድ ሜትር ኩብ የሚደርሰው 3 ብር ከ13 ሳንቲም ያህል ነው። በጀሪካን ሲታሰብ 6 ሳንቲም ብቻ!

ይህቺ 6 ሳንቲም የምትዘለለው የፓምፕ እርጅና ስለማይታይ ነው። ነዳጅ ሲያልቅ ውሃው በዕለቱ ይቆማል፤ ስለዚህ ይገዛል። ፓምፑ ግን እስኪቃጠል ድረስ ደህና ይመስላል። የቁጠባ ሂሳብ የከፈቱትም ቢሆኑ ሌላ ፈተና አለባቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፓምፑ፣ ጀነሬተሩና አብዛኛው መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ በብር የተቀመጠ ገንዘብ የግማሽ ፓምፕ ዋጋ ሆኖ ይገኛል። 6 ሳንቲሟም 12 ትሆናለች።

ጉዳዩ ለገበያው ሰው ይመለከተዋል። የቧንቧና የቆጣሪ ነጋዴ ለአዲስ መስመር አንድ ጊዜ ሸጦ ይሄዳል። በአንጻሩ የመተኪያ ሂሳብ በየወሩ የሚያስገባ ድርጅት ለዓመታት የሚዘልቅ ገዢ ነው። ፓምፕ በዱቤ ማቅረብ፣ የጥገና ውል መግባት ወይም መለዋወጫ በየዞኑ ከተማ ማከማቸት የሚያዋጣው እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲኖር ነው። የመተኪያ ሂሳብ የሌለው ድርጅት ፓምፑ በተቃጠለ ቁጥር የመንግሥትን ወይም የረድኤት ድርጅትን እጅ ይጠብቃል፤ ነጋዴውም አብሮ ጨረታ ይጠብቃል።

የጥበቃው ዕዳ የሚወድቀው ግን በቤተሰቡ ላይ ነው። ለቆጣሪና ለመስመር ቅጥያ የከፈለ ሰው ቆጣሪው በግቢው ተተክሎ እያለ ሚስቱና ሴት ልጆቹ ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ከአህያ ጫኝ የሚገዛም ቢሆን፣ ጀሪካኑን 5 ብር እንኳ ቢያገኘው ለአንድ ሜትር ኩብ 250 ብር ከፈለ ማለት ነው። ከ6ም ሆነ ከ12 ሳንቲም ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የተባለው ታሪፍ ለማን እንደረከሰ ግልጽ አይደለም። ቦርዶቹ ታሪፍ ለመከለስ በሚቀመጡበት ጊዜ የፓምፑ ምትክ ከነዳጁና ከደመወዙ ጎን ሊጻፍ ይገባል።