ዘነዘናውን ያልጨበጠ ባቡር አይነዳም!

እሁድ ከሰዓት በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? እስቲ እውነቱን እናውራ! ኳስ ካለ ኳስ የሚታይበት ቤት፣ ኳስ ከሌለ ያው የምታውቁት ምርቃና፣ ኪስ ባዶ ከሆነ ደግሞ አስፋልት ዳር ቆሞ ሚኒባስ መቁጠር፡፡ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነበር፡፡ አሁን ግን እሁድ እሁድ ሰበታ አክስቴ ግቢ ባቡር እንነዳለን፡፡ አልቀለድኩም!

“ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል እንዴ?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፡፡ እኛንም ሰፈሩ ስቆብናል፡፡ ነገር ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ሽበት ያወጡ ሰዎች፣ ሐኪሙም መሐንዲሱም ጡረተኛውም፣ በጓሯቸው ሀዲድ ዘርግተው የሚውሉበት የታወቀ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፡፡ እንዲያውም በ1946 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የኤም.አይ.ቲ. ተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ አለ፤ ዛሬ ኮምፒውተር የሚበረብሩትን “ሀከር” የምንልበት ቃል ከዚያ ክበብ ልጆች አፍ ነው የወጣው ይባላል፡፡ ስለዚህ ፋራ እያላችሁ አትቸኩሉ፡፡

የግቢ ባቡር በጣም የታወቀው ኤል.ጂ.ቢ. የሚባለው የጀርመን ሥራ ነው፡፡ በ1968 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን ዝናብና ፀሐይ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፡፡ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፣ ባቡሩ ደግሞ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያነሰ ነው፡፡ አሁን ሒሳብ ሥሩ፤ 45ን በ22.5 አባዙት፡፡ አንድ ሜትር ከምናምን አልመጣላችሁም? ከጂቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጥንቱ ባቡራችን ሀዲድ ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነበር፡፡ ፈረንጅ ለራሱ ጓሮ የሠራው አሻንጉሊት የለገሃርን ባቡር ልክ ይዞ ተገኘ ማለት ነው! አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሰፋ ይላል፤ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፡፡

ሰበታስ ምን አገባት ካላችሁ ደግሞ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጂቡቲ መስመር ጫፉ ሰበታ ነው፡፡ መንገደኛ የሚሳፈረው ፉሪ ለቡ ቢሆንም ሀዲዱ የሚጀምረው ከእኛው ከተማ ነው፡፡ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፡፡ ይህንን በ22.5 አሳንሰን በሙሉ እንሥራው ብንል 33 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ያስፈልገናል፤ ከአክስቴ ግቢ ወጥቶ አዲስ አበባን ሰንጥቆ ያልፋል ማለት ነው፡፡ እኛ ያለን 30 ሜትር ነው፡፡ የጓዳው በር ሰበታ፣ የጌሾው ተክል አዋሽ፣ የውጪው ቆርቆሮ በር ጂቡቲ ሆነ፡፡ አለቀ!

ወጪውን ሳትጠይቁኝ ልናገር፡፡ የጀርመኑ ባቡር በዚህ አገር ብር የሚቀመስ አይደለም፡፡ አንደኛው ጓደኛችን (ባለ ጀርመኑ እንበለው) አጎቱ አሮጌ ባቡር ከሁለት ፉርጎ ጋር በሻንጣ አመጣለት፤ በሪሞት የሚሄድ፣ ባትሪው ውስጡ ያለ፡፡ ሀዲዱን ግን ራሳችን ሠራነው፡፡ እንጨት በትንሹ ቆራርጠን፣ በመጋዝ እየሰነጠቅን ጠፍጣፋ ብረት በጎኑ አቁመን ሰካንበት፡፡ ጎማዎቹን ቶርኖ ቤት አስቀረጽን፡፡ ፉርጎ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፡፡ ቴክኒክና ሙያ የተማረው ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ከተበላሸ የባትሪ ድሪል ሞተር አውጥቶ ሁለተኛ ባቡር ሠራ፡፡ እሱን ባለ ድሪሉ በሉት፡፡ ምን አለፋችሁ፣ መልኩ ሳጥን ነው፤ ጉልበቱ ግን የጀርመኑን ያስንቃል፡፡ ሁለቱም በባትሪ መሆናቸው በጀ፤ መብራት ሲጠፋ አይቆሙም፡፡

ታዲያ ባቡር ማዞር ምን ደስታ አለው? እውነት ለመናገር ግማሽ ሰዓት ካያችሁት ይሰለቻል፡፡ ደስታው ያለው ባቡሩን እንደ ባቡር ማሠራት ላይ ነው፡፡ ፍራንክ ኤሊሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ጨዋታ ከቴአትር ጋር አመሳስሎታል፤ ሀዲዱ መድረክ፣ ባቡሮቹ ተዋንያን፣ የጊዜ ሰሌዳው ደግሞ ድርሰቱ፡፡ ሰዎች ተሰብስበው ሥራ ተከፋፍለው፣ ባቡር በሰዓቱ ለማስገባት ይጣጣራሉ፡፡

እኛ ይህን ሳናውቅ ነበር የጀመርነው፡፡ የመጀመሪያው እሁድ አምስታችንም ሾፌር መሆን ፈለግን፡፡ ሁለቱ ባቡሮች ጌሾው ጥግ ላይ ፊት ለፊት ተላተሙ! የጀርመኑ ጭስ ማውጫ ተሰበረ፡፡ ባለ ጀርመኑ “ሆን ብለህ ነው፤ ቀንተህ ነው!” አለ፡፡ ባለ ድሪሉ ደግሞ “አጎት የሌለው ሰው ሁሉ ቀናተኛ ነው እንዴ?” ብሎ ሳጥኑን ብብቱ ስር አድርጎ ወጣ፡፡ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ያደጉ ልጆች ናቸው እኮ! አንዱ ባለበት ሻይ ቤት ሌላው የማይገባበት ሦስት ሳምንት አለፈ፡፡ በጭስ ማውጫ ብቻ እንዳልተጣሉ ሁላችንም ገብቶናል፡፡ አንዱ ዘመድ ውጭ አገር አለው፤ አንዱ ሥራ ከፈታ ዓመት አልፎታል፡፡

መላው የመጣው ከእውነተኛው ባቡር ነው፡፡ አዲሱ መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሀዲድ ስለሆነ ሂያጅና መጪ አይጠባበቁም፡፡ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ነው፤ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት፡፡ ድሮ በብዙ አገር ነጠላ ሀዲድ ላይ ግጭትን የሚከላከሉት በበትር ነበር፡፡ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ በትር ብቻ ይሰጣል፤ በትሩን በእጁ ያልያዘ ሾፌር ወደዚያ ክፍል አይገባም፡፡ በትሩ አንድ ከሆነ ባቡሩም አንድ ነው፤ ከማን ጋር ይጋጫል?

እኛም ከሰበታ እስከ አዋሽ ላለው ክፍል የአክስቴን የቡና ዘነዘና፣ ከአዋሽ እስከ ጂቡቲ ላለው ማማሰያዋን ሾምን፡፡ (ቡና ሊወቀጥ ሲል የላይኛው መስመር ይዘጋል፤ ሕግ ነው!) ጌሾው ሥር ሁለት ባቡር ጎን ለጎን የሚቆምበት ቅርንጫፍ ሀዲድ ጨመርን፡፡

ሰዓቱንም አፋጠንነው፡፡ በእኛ ሰዓት አሥር ደቂቃ ማለት አንድ ሰዓት ነው፤ አንዱ በስልኩ ይቆጥርና ይጮኻል፡፡ ሁለት ሰዓት ከተጫወትን ግማሽ ቀን ሠራን ማለት ነው፡፡ በሰሌዳው መሠረት ሁለቱም ባቡሮች ጠዋት 12፡00 ሰዓት ከሁለቱ ጫፎች ተነስተው 1፡30 ላይ አዋሽ ይገናኛሉ፡፡ እያንዳንዱ ፉርጎ የካርቶን ወረቀት አለው፡- “ቡና፣ ወደ ጂቡቲ”፣ “ማዳበሪያ፣ ወደ ሞጆ”፣ “ብቅል፣ ወደ ሜታ ቢራ”፡፡ ሾፌሩ ወረቀቱን እያነበበ መንገድ ላይ ፉርጎ ይፈታል፣ ይቀጥላል፡፡ ሁለት ሾፌር፣ አንድ የአዋሽ ጣቢያ ኃላፊ፣ አንድ ሰዓት ቆጣሪ፣ አንድ ስምሪት ተቆጣጣሪ፤ በየዙሩ ሥራ ይቀያየራል፡፡ የምመክራችሁ ነገር ቢኖር፣ ባለ ባቡሩን ስምሪት ተቆጣጣሪ አታድርጉት፤ ለንብረቱ ያዳላል፡፡ ዶሮ ሀዲድ ላይ ከቆመች ደግሞ ባቡሩ ይቆማል እንጂ ዶሮዋ አትባረርም፤ ይህ የአክስቴ ትእዛዝ ነው፡፡

ሁለቱን ኩርፈኞች ለየብቻ ጠራናቸው፡፡ አንዱ ሌላው እንደሚመጣ አልተነገረውም፤ ተንኮል ነው፣ አምናለሁ፡፡ ሲተያዩ ሁለቱም ሊመለሱ ነበር፡፡ አክስቴ “እህል ሳትቀምሱ ከቤቴ አትወጡም!” ብላ አስቀመጠቻቸው፡፡ ከዚያ ዕጣ አወጣን፡፡ ዕጣው ሳይታሽ የወጣ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ከሰበታ፣ አንዱ ከጂቡቲ ሾፌር ሆኑ፡፡ ባለ ድሪሉ ጭስ ማውጫ የሌለውን ባቡር በርቀት አየት አድርጎ ዝም አለ፡፡

ባለ ጀርመኑ ዘነዘናውን ይዞ 1፡25 ላይ አዋሽ ገባ፡፡ ከታች ያለው ባቡር ግን ማዳበሪያውን ሲያስተካክል ዘገየ፡፡ ማማሰያው ደግሞ በእሱ እጅ ነው፤ ካልመጣ መሄድ የለም፡፡ 1፡30 ሆነ፡፡ 1፡40፡፡ ባለ ጀርመኑ ጌሾው ሥር ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ፡፡ ሳጥኑ ባቡር እየተንገዳገደ 1፡50 ላይ ደረሰ፡፡ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ፤ አንዱ ዘነዘና፣ አንዱ ማማሰያ ይዘው፡፡ እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን፡፡

“ሃያ ደቂቃ አስጠበቅከኝ” አለ ባለ ጀርመኑ፡፡

“ብረቱ ዝጎ ነው፡፡” ማማሰያውን ዘረጋለት፡፡ ዘነዘናውን ተቀበለና ጥቂት ቆይቶ “የጭስ ማውጫውን አምጣውና ቶርኖ ቤት አስቀርጽልሃለሁ” አለ፡፡

“የነሐስ ይሁን?”

“የነሐስ፡፡”

ይሄኔ አክስቴ ከጓዳ ተጣራች፡፡ “ልጆች! ቡናው ተቆላኮ፤ ዘነዘናዬን የት አደረሳችሁት?”

“አዋሽ ነው እትዬ፣ በዚህ ባቡር ይመጣል!”