ከአደጋ የተረፈ ቤተሰብና የሚተካው መኪና

ለጥምቀት በዓል ከሳንጃ ቆላ ወደ ጎንደር የሚወጡ ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። በጎዳናው ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ነፍሳቸው የተረፈ ወላጆች አስቀድመው ምስጋና ያቀርባሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «በምን እንተካው?» የሚል ነው።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ ያደረገው የሦስተኛ ወገን መድን ለሌላው ተጎጂ እንጂ ለባለቤቱ መኪና ካሣ አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና ያልገባ ቤተሰብ ከራሱ ኪስ ይገዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ የብዙዎች ዓይን የሚያርፈው በአገር ውስጥ ባገለገለ ላንድክሩዘር ላይ ነው።

እርሱም ቀድሞ ተገልብጦ የተጠገነ ሊሆን ይችላልና ሻንሲው በብየዳ አለመቀጠሉን፣ የፈነዳው ኤርባግ መተካቱን፣ ቀበቶዎቹ መያዛቸውን በባለሙያ ማስመርመር ይገባል። መኪናን በጠበል ማስባረክ መልካም ልማድ ነው፤ ቀበቶ ማሰርንና ፍጥነት መቀነስን ግን አያስቀርም። ለታይታ ከተገዛ ትልቅ መኪና ይልቅ፣ ልጆች ሁሉ በየመቀመጫቸው ታስረው የሚሄዱበት ትንሽ መኪና ይበልጣል። የተሰበረ ብረት ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

መልካም በዓል!