የማስታወስ ጥበብ እንጀራ ይሆናልን?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እየተባልን አድገናል። ተረቱን ያወረሱን አባቶች ግን ከመጽሐፍ ይልቅ በቃል ይኖሩ እንደ ነበር ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በዛሬው ጊዜ ደግሞ በቃል መያዝ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። አሠልጣኙ ከአዳራሹ መድረክ ላይ ይቆምና «የማስታወስ ኃይላችሁን በጥቂት ቀን እጥፍ አደርገዋለሁ» ይላል፤ ወላጅም ከቤት ወጪው ቀንሶ ልጁን ያስመዘግባል። ወላጅ ስለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ከ896 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያም በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ አለ ቢባል 5.4 በመቶ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ የማስታወስ መድኃኒት አለኝ የሚል ሰው ገዢ አያጣም።

በቡልቡላ ከተማ የሚያስተምር አንድ ወዳጃችን በዚህ ነገር ሁለት ጥያቄ አቀረበልን። አንደኛው፣ በቅዳሜና እሑድ የማስታወስ ሥልጠና መስጠት ብጀምር፣ ኋላም መደበኛ ሥራዬ ባደርገው ያኖረኛል ወይ የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሰው ማታለል አይሆንብኝም ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ያለ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢያን ልናቀርበው ወደድን።

ሙያው በውጭ አገር የቆየ ነው። አሜሪካዊው ሚስተር ሃሪ ሎረይን በኒው ዮርክ ምትሐት በማሳየት ሥራ ጀምረው፣ በኋላ ተመልካቹን ከትርኢቱ በፊት እየተዋወቁ፣ ከመድረክ ላይ ሆነው የመቶዎቹን ስም አንድ በአንድ በመጥራት ታወቁ። እንግሊዛዊው ሚስተር ዶሚኒክ ኦብራየን ደግሞ በትምህርት ቤት ሳሉ ማንበብ የሚከብዳቸው ተማሪ ነበሩ። አንድ ሰው የካርታ ጨዋታውን 52 ቅጠሎች በተርታ በቃሉ ሲወጣ በቴሌቪዥን አይተው ቤታቸው ተቀምጠው ልምምድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሚስተር ቶኒ ቡዛንና ሚስተር ሬይመንድ ኪን በሎንዶን ባቋቋሙት የመጀመሪያው የዓለም የማስታወስ ውድድርም አሸነፉ፤ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። ይሁን እንጂ ሎረይንንም ኦብራየንንም ያኖራቸው ዋንጫ ወይም ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። መጽሐፍ ጻፉ፤ እየዞሩ ንግግር አደረጉ፤ ሌላውንም አስተማሩ። እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አዎን፣ ያኖራል» ነው። ነገር ግን በመድረክ የሚታየው ችሎታ ሌላ፣ ለተማሪው የሚተርፈው ሌላ ነው።

በእኛ አገር የማስታወስ መምህር ጠፍቶ አያውቅም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊትን 150 መዝሙሩን በቃሉ የሚወጣ ልጅ አያስደንቅም። ከሐዋርያት ሥራ ቀለሙ እስኪለይ ድረስ ፊደል የቆጠረው ተማሪ ማታ ማታ በጨለማ ተቀምጦ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ መጽሐፍ የለ፣ መብራት የለ። ወደ ዜማ ቤት የሄደ እንደ ሆነ የቅዱስ ያሬድ ነው የሚባለውን ድጓ ለማጥናት ዓመታት ይፈጃል። በመድረሳም ልጁ ሉሑ ላይ የጻፈውን ለመምህሩ በቃሉ አሰምቶ፣ አጥቦ፣ ሌላ ይጽፋል፤ እንዲህ እያለ ከ6 ሺህ በላይ አንቀጽ ያለውን ቁርዓን ሲጨርስ ሓፊዝ ይባላል። በቦረና ደግሞ በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጉ የሚነገረው ከሽማግሎች አፍ ነው። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባው የገዳ ሥርዓት ለብዙ ዘመን የቆየው በእነዚህ ቃል ዐዋቂዎች ጭንቅላት ነው።

ከእነዚህ መምህራን አንዱም «ማስታወስ አስተምራለሁ» ብሎ አያውቅም። አንዱ ዜማ፣ አንዱ ቁርዓን፣ አንዱ ሕግ አስተማረ፤ ማስታወሱ ከትምህርቱ ጋር አብሮ መጣ። አቋራጭ የፈለገ ግን በዚያም ዘመን አልጠፋም። ቀለም አልገባ ያለው ተማሪ አብሾ ይጠጣል ሲባል ያልሰማ የለም። አብሾ አስተናግር ከሚባለው ዕፅ እንደሚቀመም ይነገራል። አስተናግር ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ስኮፖላሚን የሚባለው ነው፤ የዛሬ ተመራማሪዎች ይህንኑ ስኮፖላሚን በቤተ ሙከራ የሚጠቀሙበት ሰው አዲስ ነገር እንዳይዝና እንዲረሳ ለማድረግ ነው! ያበደና የሞተም አለ። ቀለም ያስገባል የተባለው መጠጥ ቀለም የሚያስወጣ ሆኖ መገኘቱን ለወዳጃችን ብንነግረው ብዙ ሳቀ፤ እኛ ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ፕሮፌሰር አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው አንድ ተራ ተማሪ ወስደው ቁጥር እየጠሩለት በተርታው እንዲደግም አለማመዱት። ሲጀምር 7 ያህል ቁጥር ይዞ ነበር፤ ከ20 ወር ገደማ በኋላ 79 ደረሰ። ልጁ ሯጭ ስለ ነበር ቁጥሮቹን እንደ ሩጫ ሰዓት እየመደበ ነበር የሚይዛቸው። ታዲያ በቁጥር ፈንታ ፊደል ሲጠሩለት የያዘው 6 ያህል ብቻ ሆነ። ሃያ ወር የሠራው ሁሉ በቁጥር ደጃፍ ቀረ ማለት ነው። ድጓውን በሙሉ የያዘ ሊቅ መቋሚያውን የት እንዳኖረ ቢጠፋበት ከዚህ የተለየ አይደለም። እንግዲህ «የማስታወስ ኃይልህን በሞላ አሳድግልሃለሁ» የሚል አሠልጣኝ የሌለውን ዕቃ ይሸጣል። «ይህን የባዮሎጂ ምዕራፍ የምትይዝበትን መንገድ አሳይሃለሁ» የሚል ግን ያለውን ይሸጣል። ማታለልና ሙያ የሚለዩት እዚህ ላይ ይመስለናል።

ታዲያ በቡልቡላ ምን ይሸጣል? ቡልቡላ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ከባቱ፣ ማለት ከቀድሞው ዝዋይ፣ ቀጥሎ አዳሚ ቱሉን ሲያልፉ የሚገኝ ከተማ ነው። በዚሁ ስም የሚጠራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የግብርና ውጤቶች ማቀነባበሪያ ፓርክም እዚያው ነው። ተማሪ አለ፤ አዲስ ሠራተኛ አለ፤ ስብሰባ ላይ ሪፖርት እንዲያቀርብ የሚታዘዝ ወጣት ሹምም አለ። ይህ የመጨረሻው ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ እያነበበ አዳራሹን ሲያስተኛ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም።

ለእንዲህ ያለው ሹም የጥንት የግሪክና የሮማ ተናጋሪዎች የተጠቀሙበት የቦታ ዘዴ ጥሩ መድኃኒት ነው። ዘዴው የሚያውቁትን መንገድ በሐሳብ እየተጓዙ፣ በየማረፊያው አንድ አንድ ነገር ማስቀመጥ ነው። የቡልቡላ ሰው ደግሞ መንገድ አለው፤ ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፤ እነሆ ሰባት ማረፊያ። የሪፖርቱ መጀመሪያ በጀት ከሆነ፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ብር ሲፈስ ይመልከት። ሁለተኛው መብራት ከሆነ ቆቃ ግድብ ላይ አምፖል እንደ ሸንበቆ በቅሎ ይየው። ሦስተኛው ጤና ቢሆን የከተማው ስም ራሱ ይነግረዋል። አራተኛው ትምህርት ቤት ከሆነ መቂ ላይ መምህሩ የሽንኩርት ክምር ላይ ወጥቶ ስም ይጥራ። ነገሩ በተሳቀበት መጠን አይረሳም። ማርቲን ድሬስለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ተራ ሰዎች በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለ40 ቀን ይህን ዘዴ ተለማምደው፣ ከ72 ቃላት መጀመሪያ ይይዙ ከነበሩት ከ26 እስከ 30 ላይ 35 ያህል ጨመሩ። አርባ ቀን ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ አይደለም።

ዘዴው ድንበር አለው። ተርታን ይይዛል፤ ምክንያትን አያስረዳም። እ.ኤ.አ. በ1596 ማቴዎ ሪቺ የተባሉ ኢጣልያዊ ቄስ በቻይና አገር ለአንድ አገረ ገዥ ልጆች፣ ለመንግሥት ፈተና ይረዳቸው ብለው፣ ይህንኑ ጥበብ በቻይንኛ ጽፈው አቀረቡ። ትልቁ ልጅ አንብቦ፣ ደንቡስ እውነት ነው፣ ግን ለመጠቀም አስቀድሞ ብርቱ የማስታወስ ችሎታ ያስፈልጋል አለ ይባላል። ተፈታኝ በየዘመኑ አንድ ነው።

ለተማሪው ከቦታው ዘዴ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ የሚያውቀው ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን ከፍለው፣ አንዱ ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንድ ጊዜ አጥንቶ መጽሐፉን ዘግቶ ያስታወሰውን ደጋግሞ እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው 83 በመቶ፣ ራሱን የፈተነው 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢው ወደ 40 ሲወርድ ራሱን ፈታኙ 61 ላይ ቆመ። ማታ ሲያነብ ሁሉንም የያዘ መስሎት በፈተናው ቀን ባዶ የሚሆን ተማሪ ምሥጢሩ ይህ ነው። የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ደቀ መዝሙሩን እየጠየቀ የሚያስለፋው፣ የመድረሳው መምህርም ሉሑን የሚያስጥበው ለካ በከንቱ አይደለም!

ስለ ገንዘቡ ጥቂት እንበል። በአገራችን በንግግርና በሥልጠና ከታወቁት አንዱ ዶክተር ምሕረት ደበበ ናቸው፤ እርሳቸው የአእምሮ ሐኪምና ደራሲ ናቸው። የሚናገሩት ነገር ከሙያቸው የመነጨ ስለ ሆነ አድማጩ ዋስትና አለው። ወዳጃችንም መምህርነቱን ባይለቅ ይሻለዋል ያልነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክፍሉ ቤተ ሙከራው ነው። ብቻውን መቆም ሲፈልግ ደግሞ ሕጉ ቀሎታል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ማኅበር ለማቋቋም ከአንድ በላይ ሰው ይጠይቅ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ክፍያውን በሁለት ይክፈለው፤ ግማሹን በመግቢያ፣ ግማሹን ከአንድ ወር በኋላ ተማሪው በራሱ መጽሐፍ ተፈትኖ ውጤቱ ሲታይ ይቀበል። በዚህ ውል የማይስማማ አሠልጣኝ ያጋጠመው ወላጅ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ቢተወው ይሻለዋል።

አንድ ነገር ቀረን። የቡልቡላ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ በ9ኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። የሚከብደው ሐሳቡ ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚወርድበት የቃላት ናዳ ነው። የ9ኛ ክፍልን የባዮሎጂና የፊዚክስ ቃላት በአፋን ኦሮሞ ፍች፣ በሚያስቅ ሥዕልና በየሳምንቱ መጠየቂያ አድርጎ በአንዲት ትንሽ ደብተር የሚያዘጋጅ አሠልጣኝ፣ ከአዲስ አበባ ማንም ይዞት የማይመጣ ዕቃ አለው። ደብተሯም ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ ባሉት ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ልትሸጥ ትችላለች።