ማን አለው? ከየትስ አገኘው?



በአሁኑ ጊዜ በሻይ ክበብም ሆነ በየመኝታ ክፍላችን የሚነሣው የፖለቲካ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ «ዩቲዩብ ላይ እንዲህ ተባለ» ተብሎ የሚጀመር መሆኑ የታወቀ ነው። ማን አለው? ከየትስ አገኘው? ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ ይጠፋል። ነገ የመምህርነትን ኃላፊነት የምንረከብ እንደ መሆናችን መጠን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባናል በማለት ይህችን ማብራሪያ አቅርበናል።

በመጀመሪያ ዜናንና ትንተናን እንለይ። ዜና የሆነውን ነገር፣ የት፣ መቼና በማን እንደ ተፈጸመ ይናገራል። ትንተና ግን ተናጋሪው ከሆነው ነገር ተነሥቶ ስለ ምክንያቱና ስለሚያስከትለው ውጤት የሚሰጠው አስተያየት ነው። ለምሳሌ «የጤፍ ዋጋ ጨመረ» ቢባል ዜና ነው፤ ገበያ ወርዶ ማረጋገጥ ይቻላል። «የጨመረው እነ እገሌ ስላሴሩ ነው» ቢባል ግን ማስረጃ የሚያስፈልገው አስተያየት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ ነው።

ታዲያ ሰዉ ለምን ወደ እነዚህ ተንታኞች ሄደ? ምክንያት አለው። በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኢሳት በ2002 ዓ.ም.፣ ኦኤምኤን በ2006 ዓ.ም. ሲቋቋሙ በአገር ውስጥ የማይነገረውን ይናገሩ ስለ ነበር ብዙ አድማጭ አገኙ። እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በአገር ውስጥ ታግደው ቆዩ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የእነርሱና ከ200 የሚበልጡ ድረ ገጾች እገዳ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ካሜራና ስልክ ያለው ሁሉ ተንታኝ ለመሆን ቻለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘግተው አምስት ወር ያህል ሲቆዩም ወሬው አልቆመም። እንዲያውም በር ሲዘጋ ሹክሹክታ ይበዛል።

እነዚህ ሰዎች «ነፃ ተንታኝ» ይባላሉ። ከመንግሥት ወይም ከፓርቲ ደመወዝ አይቀበሉም ማለት ከሆነ መልካም ነው። ከገንዘብ ግን ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች አንዱ 1,000 ተከታታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ነው። መስፈርቱን ያሟላ ሰው ከረዥም ቪዲዮው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ያገኛል። በዚህ ላይ ድርጅቱ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች ረዥም ሰዓት የሚያዩትን ቪዲዮ ለሌሎችም አብዝቶ ያቀርባል። እንግዲህ አስቡት! አዲስ ነገር ኖረም አልኖረም በየቀኑ መናገር ግድ ይሆናል። «ሰበር»፣ «አስደንጋጭ» የሚለው ርዕስ፣ «የውስጥ ምንጮቻችን እንደ ነገሩን» የሚለው አነጋገር የሚበዛው ለዚሁ ነው። በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ ቤት ጽሑፉን የሚያርም አዘጋጅ አለ፤ ብቻውን ካሜራ ፊት ለተቀመጠው ሰው ግን «ይኼን ከየት አመጣኸው?» የሚለው የለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው ጭራሽ አንስማቸው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ባለሥልጣንን የሚጠይቅ፣ የተሸፈነን ነገር የሚገልጥ ድምፅ ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው መዝጋት ሳይሆን መመርመር ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለም?

ለመምህር ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። አንድ የገጠር ልጅ እቤቱ ገብቶ «መምህራችን ብለዋል» ካለ ነገሩ አበቃ። የአንድ ተንታኝ ግምት በመምህሩ አፍ ካለፈ በኋላ በማግስቱ በመንደሩ እውነት ሆኖ ያድራል። በክፍሉ ውስጥ ደግሞ የተለያየ ብሔረሰብ ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ያላጣራነው አንድ ቃል እነርሱን ሊያለያይ ይችላል። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨውን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል።

ምን እናድርግ? በማስተማር ልምምዳችን ጊዜ አንድ ቀላል ዘዴ መሞከር እንችላለን። ጥቁር ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ከፍለን «የታየ»፣ «የተሰማ»፣ «የተገመተ» ብለን እንጻፍ። ተማሪዎቹ ከሰሙት ወሬ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያመጡ በየዓምዱ ያስገቡ። ለምን እዚያ እንዳስገቡትም ያስረዱ። የማንንም ፖለቲካ መስበክ ሳያስፈልገን ልጆቹ በራሳቸው ማመዛዘን ይለምዳሉ።

ከዚያ በፊት ግን ከራሳችን እንጀምር። ዛሬ ማታ በመኝታ ክፍላችን «እንዲህ ተባለ» የሚል ሲመጣ፣ ሳንቆጣና ሳንሳለቅ፣ ማን አለው? ከየትስ አገኘው? ብለን እንጠይቀው።