ማሳል ሲያምም፣ አለማሳል ሲጎዳ፦ ከሲስቲክ ፋይብሮሲስ ጋር ለሚኖሩ የጎድን አጥንት ጉዳት ለምን ይከብዳል?

ጎኑን ለተመታ ሰው ዘመድ ወዳጅ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ተኛ፣ አትንቀሳቀስ፣ ሳልህንም ዋጥ አድርገው ይሉታል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ከተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ጋር ለሚኖር ሰው ግን ሳልን መዋጥ ከተሰነጠቀው አጥንት የባሰ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

የዚህ ሰው ሳንባ በየዕለቱ የሚጸዳው በሳል ነው። የጎድን አጥንቱ ሲጎዳ ደግሞ እያንዳንዱ ሳል እንደ ጦር ይወጋዋል። የሚያድነውና የሚያሠቃየው ነገር አንድ ይሆንበታል።

በኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ የጎድን አጥንት ጉዳት እንግዳ ነገር አይደለም። ቦዳቦዳ በሚባሉት የሞተር ሳይክል ታክሲዎች የሚደርሱ አደጋዎች ብዙ ሰዎችን ወደ ሆስፒታል ይወስዳሉ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ግን በምሥራቅ አፍሪካ እምብዛም የማይታወቅ ሕመም ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ በድንገተኛ ክፍል የሚታየው ስብራቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን በአውሮፓውያኑ 1938 በዝርዝር የገለጹት አሜሪካዊቷ ሐኪም ዶሮቲ አንደርሰን ናቸው። መንስኤው የሆነው ሲኤፍቲአር የተባለ ዘረ መል የተገኘው ደግሞ በ1989 ነው።

ይህ ዘረ መል ጨውና ውኃ በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ የሚያልፉበትን መንገድ ይቆጣጠራል። እክል ሲገጥመው በሳንባ ውስጥ ያለው ቀጭን ፈሳሽ ይወፍራል፤ እንደ ሙጫም ይጣበቃል። ተሕዋስያን በዚያ አክታ ውስጥ ይራባሉ፤ ሳንባውም በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን እየተጎዳ ይሄዳል። በቆሽት ላይም ተመሳሳይ ችግር ስለሚፈጠር፣ ምግብን በተለይም ቅባትን የሚፈጩት ኢንዛይሞች ወደ አንጀት አይደርሱም።

ልጁ ሕመሙን የሚወርሰው እክል ያለበትን ዘረ መል ከእናቱም ከአባቱም ሲያገኝ ነው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ምንም ምልክት ላይታይባቸው ይችላል።

ሕመሙ የነጮች ብቻ ነው የሚል አመለካከት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በአፍሪካውያንም ላይ ይከሰታል፤ ነገር ግን ምልክቶቹ ከሌሎች ሕመሞች ጋር ይመሳሰላሉ። የማያቋርጥ ሳል፣ የክብደት መቀነስና ተደጋጋሚ የሳንባ ምች ያለበት ልጅ በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በሳንባ ነቀርሳ፣ በአስም ወይም በምግብ እጥረት ነው። ሕመሙን ለማረጋገጥ ከሚረዱ ምርመራዎች ዋነኛው በላብ ውስጥ ያለውን የጨው መጠን መለካት ነው። አንዳንድ እናቶች ልጃቸውን ሲስሙ ቆዳው ጨው ጨው እንደሚል የሚያስተውሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አጥንቱ ለምን ይሳሳል?

ከሲስቲክ ፋይብሮሲስ ጋር የሚኖር ሰው ጎኑን ለመጎዳት አደጋ ላይደርስበት ይችላል። ብርቱ ሳል ብቻውን የጎድን አጥንትን ሊሰነጥቅ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያሉትን ጡንቻዎችም ሊቀድድ ይችላል።

ለዚህ በርካታ ምክንያቶች አሉ። ቅባት በሚገባ ስለማይፈጭ፣ ከቅባት ጋር ወደ ሰውነት የሚገቡት ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ይጎድላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ዲ እና ኬ ለአጥንት ጥንካሬ እጅግ አስፈላጊ ናቸው። በሳንባ ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ብግነትና ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶችም አጥንትን ያሳሳሉ። ስለዚህ በሳል ብቻ የተሰበረ አጥንት፣ የታማሚው አጥንት በአጠቃላይ መመርመር እንዳለበት የሚጠቁም ምልክት ነው።

የተሰበረ እጅ በጀሶ ይታሰራል። የጎድን አጥንትን ግን ማሳረፍ አይቻልም። አንድ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ቢተነፍስ በቀን ከ21,000 ጊዜ በላይ ደረቱ ይነሣል፤ ይወድቃልም። አጥንቱ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚድነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በእነዚህ ሳምንታት ታማሚው ሥቃዩን ፈርቶ በአጭር በአጭሩ ከተነፈሰና ካላሳለ፣ አክታው በሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኢንፌክሽንም ይከተላል።

የናይሮቢ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም ትበልጣለች። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሳንባው አስቀድሞ የተዳከመ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር የሚኖረው መጠባበቂያ አነስተኛ ነው።

ሥቃይን ማስታገስ ራሱ ሕክምና ነው

በዚህ ምክንያት ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ ታማሚ የሥቃይ ማስታገሻ የሚሰጠው እንዲመቸው ብቻ አይደለም፤ እንዲያስል ነው። ማስታገሻውን ሥቃዩ እስኪበረታ ከመጠበቅ ይልቅ በታዘዘለት ሰዓት መውሰድ ይመከራል። ደረትን ከማጽዳት በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ከተወሰደም ሳሉ ይቀላል።

ነገር ግን ሁሉም ማስታገሻ ለሁሉም አይስማማም። ፓራሲታሞል ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ታማሚው እንደ አሚካሲን ወይም ጄንታማይሲን ያሉ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን በመርፌ እየወሰደ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ደም የሚተፋ ሰውም ሐኪም ሳያማክር ሊወስዳቸው አይገባም።

ኮዴይንና ሞርፊን ሳልንና ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ የሆድ ድርቀትም ያመጣሉ። የእነዚህ ታማሚዎች አንጀት አስቀድሞም ለመዘጋት የተጋለጠ በመሆኑ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። በናይሮቢ ሰፈሮች «ኬሚስት» ተብለው ከሚጠሩት መድኃኒት ቤቶች የሳል ማቆሚያ ሽሮፕ ገዝቶ መጠጣትም ለዚህ ታማሚ መፍትሔ አይደለም። ሥቃዩ ከበረታ ሐኪሞች ነርቩን በመርፌ ሊያደነዝዙ ይችላሉ።

ጎንን አጥብቆ ማሰርስ?

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ለስብራትና ለውልቃት ወጌሻ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። የተጎዳን ጎን በጨርቅ ወይም በመቀነት ዙሪያውን ማጥበቅም የተለመደ ነው። በአንድ ወቅት ዘመናዊ ሐኪሞችም ደረትን በፋሻ ይጠቀልሉ ነበር። ልማዱ የቀረው፣ የታሰረ ደረት በሙሉ ስለማይሰፋ የሳንባ ምች እንደሚያስከትል በመታወቁ ነው። አክታ ለሚበዛበት ሳንባ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። ጎንን ማሸትም የተሰነጠቀውን አጥንት ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ከማሰር የሚሻለው፣ በማሳያው ጊዜ ብቻ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ በሚያመው ጎን ላይ አድርጎ በእጅ ደገፍ ማድረግ ነው። ቀና ብሎ ተቀምጦ ወደፊት ጥቂት ማዘንበልም ይረዳል። በኃይል ከማሳል በፊት፣ መስታወትን በትንፋሽ ለማደብዘዝ እንደሚደረገው አፍን ከፍቶ «ሃ» እያሉ አየርን ማስወጣት አክታውን በአነስተኛ ሥቃይ ወደ ላይ ያመጣዋል።

ደረትንና ጀርባን በእጅ እየመቱ አክታ የማላቀቅ ዘዴ በተጎዳው ጎን ላይ መቆም አለበት። በምትኩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የአተነፋፈስ ልምምዶችን ሊያሳይ ይችላል። ውድ መሣሪያ በማይገኝበት ቦታ፣ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ በቱቦ መንፋት አንዱ አማራጭ ነው። ሆኖም ስብራቱ ሳንባውን አለመብሳቱ ሳይረጋገጥ ይህን መጀመር አደገኛ ነው። በታማሚው መደበኛ ሐኪም የታዘዙት ኢንዛይሞችና ሌሎች መድኃኒቶችም መቋረጥ የለባቸውም።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ በአንድ ጎን በድንገት የሚበረታ ውጋት፣ ደም መትፋት፣ ትኩሳት፣ እንዲሁም የአክታ መብዛት ወይም የቀለሙ መለወጥ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አየር ከሳንባ አምልጦ በደረት ውስጥ መጠራቀሙን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ራጅ ጥቃቅን የጎድን አጥንት ስንጥቆችን ሊስት ስለሚችል፣ ውጤቱ ስብራት ባያሳይም ሥቃዩ ችላ ሊባል አይገባም።

የአዲሶቹ መድኃኒቶች ተስፋና ገደብ

በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ትሪካፍታ የተባለ መድኃኒት የብዙ ታማሚዎችን ሕይወት ለውጧል። አክታቸው ቀጥኗል፤ ሳላቸውም ቀንሷል። ይሁንና በአሜሪካ የወጣለት ዋጋ በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ ነው። ከዚህም በተጨማሪ በአፍሪካውያን ዘንድ ከሚገኙት የዘረ መል እክሎች አንዳንዶቹ ለመድኃኒቱ ምላሽ አይሰጡም። ስለዚህ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ለሚኖር ታማሚ ደረትን በየዕለቱ ማጽዳት ዛሬም የሕክምናው ምሰሶ ነው።

ሕመሙ በማይታወቅበት ከተማ አንድ ወረቀት ብዙ ሊረዳ ይችላል። የሕመሙ ስም፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች፣ የማይስማሙት ማስታገሻዎችና የሚከታተለው ሐኪም ስልክ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ተጽፎ ከታማሚው ጋር ቢኖር፣ የድንገተኛ ክፍሉ ባለሙያ ከስብራቱ ባሻገር ያለውን እንዲያይ ያስችለዋል። በወረቀቱ አናት ላይ ሊሰፍር የሚገባው መልእክትም አጭር ነው፦ ይህ ታማሚ ማሳል አለበት፤ ሥቃዩን አስታግሱለት፣ ሳሉን ግን አታቁሙበት።