ቪታሚን ኤ ሲበዛ

ቪታሚን ኤ ለዓይን ብርሃን የግድ ያስፈልጋል፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። ትርፉ ከሽንት ጋር አይወጣም፤ በጉበት ይከማቻል እንጂ።

ሊቃውንት ለአዋቂ ሰው በቀን የወሰኑት ከፍተኛ ልክ 3,000 ማይክሮግራም ነው። የበግ ጉበት ግን በ100 ግራም 7,000 ያህል ይይዛል። ይህን በበዓል የቀመሰ አይታመምም። ለወራት በየዕለቱ የሚያዘወትር፣ ወይም ዘመድ ከውጭ አገር የላከለትን እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚደራርብ ግን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉበት ሕመም ሊያገኘው ይችላል። እርጉዝ ሴትማ ፅንሷ እንዳይጎዳ ይበልጥ ትጠንቀቅ።

ጎመንና ካሮት አያሰጉም፤ ሰውነት ከእነርሱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ወደ ቪታሚን ይለውጣልና። ለሕፃናት በየ6 ወሩ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውም በዕድሜ የተመጠነ ስለሆነ አታስቀሩባቸው፤ በቤትም አትጨምሩበት።