እገዳ በሚያቋርጠው የውድድር ዘመን የነቀምቴና የወለጋ ከተሞች እግር ኳስ ተስፋ

ነቀምቴ በአምቦና በባኮ በኩል ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ከመሆኗም በላይ ወደ ጊምቢና ወደ በደሌ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት የምዕራብ ኢትዮጵያ ማዕከል ናት። ከተማዋን የሚወክለው ነቀምቴ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ለዓመታት የተወዳደረው ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ በሚገኘው በከፍተኛ ሊግ ሲሆን፣ የውድድር ዘመን በተቃረበ ቁጥር በከተማዋም ሆነ በአካባቢዋ ከተሞች የሚነሳው ጥያቄ ቡድኑ ዘንድሮ ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋል ወይ የሚል ነው። ለጥያቄው ብዙውን ጊዜ መልስ የሚፈለገው አዲስ ከፈረሙት ተጫዋቾች ስምና ከአሠልጣኙ ልምድ ነው። ይሁን እንጂ ያለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ የአንድን ቡድን ዕጣ የሚወስነው በሜዳ ላይ የሚያሳየው ጨዋታ ብቻ ሳይሆን፣ ጨዋታው በእገዳ ወይም በመቋረጥ ሲስተጓጎል ክፍተቱን የሚሸፍንበት አቅሙም ጭምር ነው። ከመሐል አገር ርቀው ለሚገኙ ክለቦች ደግሞ ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል።

የእገዳ ዓይነቶችና አሠራራቸው

በእግር ኳስ የሚጣል እገዳ በሦስት ደረጃ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው በግለሰብ ላይ የሚጣለው ነው። ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች ቢያንስ ቀጣዩ ጨዋታ ያመልጠዋል፤ ጥፋቱ ድብደባን፣ ስድብን ወይም ዳኛን መጋፋትን የሚያካትት ከሆነም የዲሲፕሊን ኮሚቴው የጨዋታዎቹን ቁጥር ይጨምራል። በተለያዩ ጨዋታዎች የተጠራቀሙ ቢጫ ካርዶችም እያንዳንዱ ውድድር በደንቡ ከሚወስነው ቁጥር ሲደርሱ እገዳ ያስከትላሉ። ቁጥሩ ከውድድር ውድድር ይለያያል፤ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሁለት ቢጫ አንድ ጨዋታ ሲያሳግድ፣ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች አምስት ቢጫ የተመለከተ ተጫዋች ለአንድ ጨዋታ ይታገዳል። ሁለተኛው ደረጃ በክለብ ላይ የሚጣለው ሲሆን፣ የነጥብ ቅነሳን፣ በዝግ ስታዲየም ወይም በገለልተኛ ሜዳ መጫወትን፣ የተጫዋቾችን ደመወዝ ሳይከፍል የቀረ ክለብም አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ መከልከልን ያጠቃልላል። ሦስተኛው ውድድሩን በሙሉ የሚያቆመው ነው፤ ይህም በፌዴሬሽን ላይ በተጣለ ዓለም አቀፍ እገዳ፣ በጸጥታ ችግር ወይም በወረርሽኝ ምክንያት ሊመጣ ይችላል።

ሦስቱ ደረጃዎች በአጥፊው ማንነት ቢለያዩም በውጤታቸው ይመሳሰላሉ፤ ቡድኑ ያቀደውን አሰላለፍ ወይም ያቀደውን የጨዋታ መርሐ ግብር ያሳጡታልና። ልዩነቱ ያለው ጉዳቱን ማን ይሸከመዋል በሚለው ላይ ነው። የግለሰብ ቅጣት በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ የክለብ ቅጣት በደጋፊውና በከተማው፣ የውድድር መቋረጥ ደግሞ ምንም ጥፋት በሌለባቸው ሁሉ ላይ ያርፋል።

አንዲት ያልተመዘገበች ቢጫ ካርድ

የግለሰብ እገዳ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ያስተማረው የ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። የብሔራዊ ቡድኑ አማካይ ምንያህል ተሾመ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር፣ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ከቦትስዋና ጋር በተደረጉ ጨዋታዎች አንዳንድ ቢጫ ካርድ ተመልክቶ ነበር። በደንቡ መሠረት ቀጣዩ ጨዋታ ሊያልፈው ሲገባ፣ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በቦትስዋና ሜዳ በተደረገውና ኢትዮጵያ 2 ለ 1 ባሸነፈችበት ጨዋታ ተሰለፈ። ከሳምንት በኋላ ደቡብ አፍሪካ በአዲስ አበባ 2 ለ 1 ተሸንፋ ሕዝቡ የምድቡ አሸናፊነት ተረጋገጠ ብሎ ደስታውን ከገለጸ በኋላ፣ ፊፋ በቦትስዋና ሜዳ የተደረገውን ጨዋታ ለቦትስዋና 3 ለ 0 በመስጠት የኢትዮጵያን ነጥብ ከ13 ወደ 10 አወረደው። ደቡብ አፍሪካ በወቅቱ 8 ነጥብ ስለነበራት ተጠናቀቀ የተባለው ምድብ እንደገና ክፍት ሆነ፤ ኢትዮጵያ ወደ መጨረሻው የማጣሪያ ምዕራፍ ያለፈችውም ጳጉሜን 2005 ዓ.ም. በብራዛቪል መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ ነው። በዚያ ምዕራፍ በናይጄሪያ በደርሶ መልስ ተሸንፋ ከብራዚል ቀረች።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ስለ ተጫዋቹ ሳይሆን ስለ አሠራር ነው። ጥፋቱ የደረሰው በሁለቱ ካርዶች መካከል ከዘጠኝ ወር በላይ በማለፉና የመጀመሪያውን ካርድ የሚያስታውስ መዝገብ ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ባለመገኘቱ ነው። የአገር ብሔራዊ ቡድን እንዲህ ያለ ስሕተት ከሠራ፣ በአንድ ቡድን መሪና በአንድ ጸሐፊ በሚተዳደር የወረዳ ወይም የከተማ ክለብ ዘንድ አደጋው ምን ያህል እንደሚሰፋ መገመት አያዳግትም። በየጨዋታው ማግሥት የዳኛውን ሪፖርት ከራስ መዝገብ ጋር ማመሳከርና ከቀጣዩ ጨዋታ በፊት የታገዱትን ስም ለአሠልጣኙ በጽሑፍ መስጠት ከወረቀትና ከትጋት በቀር ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ሦስት ነጥብ የሚያድን ሥራ ነው።

ለአንዱ ጥፋት ብዙዎች ሲቀጡ

ከግለሰብ ያለፈው እገዳ ሌላ ባሕርይ አለው። በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሳው ውዝግብ ሳቢያ ፊፋ ሐምሌ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲያግድ፣ በቀጣዩ መስከረም ብሔራዊ ቡድኑ ከ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ውጭ ሆነ፤ ሞሪታኒያ 6 ለ 1 የተሸነፈችበትን ጨዋታ ጨምሮ በምድቡ የተመዘገቡት የኢትዮጵያ ውጤቶችም ተሰረዙ። ኳሷን ከመረብ ያሳረፉት ተጫዋቾች በቢሮ ውዝግቡ ውስጥ እጃቸው አልነበረበትም፤ ሆኖም ዋጋውን የከፈሉት እነርሱ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድኑ ግብፅን በማላዊዋ ሊሎንግዌ ለማስተናገድ ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን በዚያ በተደረገው ጨዋታ 2 ለ 0 ማሸነፉ የቡድኑን ጽናት ቢያሳይም፣ ያን ድል በገዛ ሜዳው ሊያይ ይገባው የነበረው ደጋፊ ግን ቀርቶበታል።

በኮሌጅ ደረጃ የጅምላ እገዳ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያሳየው ዋነኛው የዓለም ምሳሌ በአሜሪካ ቴክሳስ የሚገኘው የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው በአሜሪካን ፉትቦል፣ ማለትም ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥና በመወርወር በሚካሄደው ጨዋታ ሲሆን፣ በ1982 እ.ኤ.አ. አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የውድድር ዘመኑን የጨረሰ ኃያል ቡድን ነበረው። ለተማሪ ተጫዋቾች በድብቅ ገንዘብ ሲከፈል እንደነበር በመረጋገጡ ግን የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር የ1987ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ሰረዘበት፤ በቀጣዩ ዓመትም በሜዳው እንዳይጫወት በመከልከሉና ተጫዋቾቹ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በመበተናቸው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ውድድሩን ተወው። ከ1989 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባሉት ሃያ የውድድር ዘመናት ቡድኑ ከተሸነፈው ይልቅ ያሸነፈው የበዛበት ዓመት አንድ ብቻ ነው። ገንዘብ ከፋዮቹም ተቀባዮቹም ከሄዱ በኋላ የመጡ ወጣቶች ቅጣቱን ወርሰዋል ማለት ነው።

በአንጻሩ የጣሊያኑ ጁቬንቱስ በ2006 እ.ኤ.አ. ከዳኞች ምደባ ጋር በተያያዘ ቅሌት ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወርዶ፣ በመጨረሻ በግልግል ዳኝነት በጸደቀው ውሳኔ ከዘጠኝ ነጥብ ቅነሳ ቢጀምርም፣ ቡፎን፣ ዴል ፒዬሮ፣ ኔድቬድና ትሬዜጌ ስለቆዩለት በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ ተመልሷል። የሁለቱን ቡድኖች ዕጣ ከለዩት ነገሮች ዋነኛው ከቅጣቱ በኋላ በእጃቸው የቀሩት ተጫዋቾች ብዛትና ብቃት ነው።

ውድድሩ ራሱ ሲቆም

የ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለወለጋ ስፖርት የሁሉም ዓይነት መሰናክል መገናኛ ሆኖ አልፏል። በአካባቢው በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል በቀጠለው ግጭት ሳቢያ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ የቆየ ሲሆን፣ ወደ ቦታው የተመለሰው በመጋቢት መጨረሻ ነው። አገልግሎቱ በተመለሰበት ሰሞን ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ስፖርታዊ ውድድሮችን አቁሞ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በየደረጃው ያሉ ሊጎች ሻምፒዮንም፣ አዳጊም፣ ወራጅም ሳይኖር እንዲሰረዙ ወሰነ። ውሳኔው ጤናን ያስቀደመ በመሆኑ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ለማለፍ ሲታገል የከረመ ክለብ ያጠራቀመው ነጥብ ሲጠፋበት የደመወዝ፣ የትራንስፖርትና የመኝታ ወጪው ግን አልጠፋለትም።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የእገዳን ትርጉም ራሱን የቀየረ ነው። ፕሪምየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች እያሰባሰበ በዙር ማጫወት ሲጀምር፣ የታችኞቹ ሊጎችም ይህን መሰል አካሄድ ተከትለዋል። በዚህ አሠራር ጨዋታዎች በጥቂት ቀናት ልዩነት ስለሚካሄዱ፣ በደርሶ መልስ ውድድር አንድ ወር ሊፈጅ የሚችል የሦስት ጨዋታ እገዳ በሁለት ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ነገር ግን ተተኪ መፈለጊያ ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል፤ አሠልጣኙ ሊጠቀም የሚችለው በአውቶቡሱ አብረውት የመጡትን ብቻ ነው። ለምሳሌ ሦስት ግብ ጠባቂዎችን ጨምሮ 20 ተጫዋቾች ይዞ የተጓዘ ክለብ 17 የሜዳ ተጫዋቾች አሉት። አሥሩ በቋሚነት ሲሰለፉ ሰባት ይተርፋሉ፤ ሁለት በጉዳት፣ ሁለት በካርድ ቢወጡበት ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀሩት የሜዳ ተጫዋቾች ሦስት ናቸው። ከእነዚህ መካከል የመሐል ተከላካይ ከሌለ አሠልጣኙ አማካዩን ወደ ኋላ ይስባል፤ በዚህም የአንድ ሰው እገዳ ሁለት የሥራ ድርሻዎችን ያናጋል። ቤተሰቡና ደጋፊው በሌሉበት ከተማ ለሳምንታት በሚቆይ ቡድን ውስጥ የሚፈጠረው ድካምና ቁጣም በራሱ ካርድ ይወልዳል።

ተስፋው የሚለካበት

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከሩቅ በውድ የሚመጣ ተጫዋች ብቻ እንዳልሆነ የጎረቤቱ የጅማ አባ ጅፋር ታሪክ ያመለክታል። ክለቡ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ አድጎ በ2010 ዓ.ም. በመጀመሪያ ተሳትፎው ዋንጫውን አነሳ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን ወደ ከፍተኛ ሊግ ወረደ። ከምዕራብ የተነሳ የከተማ ክለብ ከላይ መድረስ እንደሚችልም፣ መድረስና መቆየት ለየቅል እንደሆኑም በአንድ ጊዜ ያሳየ ታሪክ ነው።

ወለጋ ለመቆየት የሚያስፈልገው ምንጭ አላት። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ከተቋቋመበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በጊምቢና በሻምቡም ግቢዎችን ከፍቷል፤ ደምቢ ዶሎም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በአካባቢው የመምህራን ኮሌጆችም አሉ። እነዚህ ተቋማት በየዓመቱ ከየወረዳው ወጣቶችን በአንድ ግቢ የሚሰበስቡ እንደመሆናቸው፣ የኮሌጅ ቡድኖቻቸው ለከተማው ክለብ ሁለተኛ ተቀያሪ ወንበር ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ እንዲሆን ግን የምዝገባው ስምምነት በውድድር ዘመን መጀመሪያ ሊታሰር፣ የፈተና ጊዜ ከጨዋታ መርሐ ግብር ጋር ሊጣጣም፣ ተማሪውም ከትምህርቱ ሳይጎድል የሚለማመድበት ሰዓት ሊመደብለት ይገባል። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች ከዋናው ቡድን ጋር ልምምድ እየሠሩ የሚከርሙበት ክለብ፣ ተከላካዩ በታገደ ሳምንት የሚያሰልፈው ሰው ፍለጋ አይደናገጥም።

ሌላው ጉዳይ የፍትሕ ነው። የዲሲፕሊን ቅጣት አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ ዳኛም ተጫዋችም ደኅንነት አይኖራቸውም። ቅጣት ተቀባይነት የሚያገኘው ግን ተቀጪው ውሳኔውን በወቅቱ በጽሑፍ ሲያውቅ፣ ማስረጃውን ሲያይና ይግባኝ የሚልበት በቂ ጊዜ ሲኖረው ነው። የይግባኝ ቀነ ገደብ ለአዲስ አበባ ክለብም ለደምቢ ዶሎ ክለብም እኩል ተጽፎ፣ አንዱ በእግሩ የሚደርስበትን ቢሮ ሌላው ሁለት ቀን ተጉዞ የሚደርስበት ከሆነ፣ እኩልነቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። በተመሳሳይም ከጥቂት ደጋፊዎች ጥፋት የተነሳ ሙሉ ከተማን በዝግ ስታዲየም ከመቅጣት ይልቅ አጥፊዎቹን ለይቶ መቅጣት ሲቻል፣ ይህ መንገድ ፍትሕንም ሰላማዊውን ደጋፊም ይጠብቃል።

እንግዲህ የነቀምቴም ሆነ የሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ቡድን ተስፋ በምርጥ አሥራ አንዱ ብቻ ሊለካ አይችልም። ከአሥራ ሁለተኛው እስከ ሃያኛው ያሉት ተጫዋቾች እነማን ናቸው፣ የካርዱን መዝገብ የሚይዘው ማን ነው፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከኮሌጁ ጋር የተደረሰ ስምምነት አለ ወይ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካገኙ፣ ሊቀር የማይችለው እገዳ ሲመጣ የሚያስከፍለው አንድ ጨዋታ ወይም ሁለት ጨዋታ ይሆናል። ካላገኙ ግን አንድ ካርድ ወይም አንድ የተቋረጠ ወር የዓመቱን ድካም ሊወስድ ይችላል። ደጋፊውም በየዓመቱ መግቢያ ከክለቡ አመራር ሊጠይቀው የሚገባው፣ ማን ፈረመ ከሚለው ጋር፣ የፈረመው ሲታገድ ማን ይተካዋል የሚለውን ነው።